መኪናዬ ተሰርቃ ኢንሹራንሱ እኔን እየመረመረ ነው

ሲኤምሲ በራችን ላይ ያቆምኳት ቪትዝ ሌሊት ተሰረቀች። ጠዋቱኑ ፖሊስ ጣቢያ አመለከትኩ፣ ኢንሹራንሱንም አሳወቅኩ። አሁን መርማሪ መድበው ሁለቱንም ቁልፍ አምጪ፣ ማን ማን ይነዳት ነበር፣ ዕዳ አለብሽ ወይ እያሉ ሦስተኛ ጊዜ ጠሩኝ። ሌባዋ እኔ የሆንኩ መሰለኝ። ምን ላድርግ?

— አይዞሽ እህቴ፣ የተለመደ ነው። ቁልፎቹን ስጪ፣ ግን ተረካቢው ይፈርምልሽ። አንዱ ከጠፋ ደግሞ አሁኑኑ እውነቱን ንገሪያቸው። እኔ «ቤት አለ» ብዬ ሳላጣራ ተናግሬ ፋይሌ ለወራት ተጓተተ።

— ዋስትናሽ ሙሉ ነው? ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ስርቆት አይሸፍንም።

— ሙሉ ነው።

— እንግዲያው የቀረውን ጥያቄ በደብዳቤ ይላኩልሽ፣ አንቺም በደብዳቤ መልሺ፣ ኮፒ አስቀሪ። በንግድ ሕጉ የመክሰሻው ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ በ«ነገ ነይ» እንዳያሳልፉብሽ።