"ተወርዋሪ ኮከብ" ስንል ወርዋሪው ማነው?

ማታ_ወጣሁ፦
ሰላም ቤቶች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ታኅሣሥ 4 ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር ከአዳማ ወጣ ብለን በወንጂ መንገድ በኩል ሜዳ ላይ ቁጭ ብለን ኮከብ እየጠበቅን ነበር፣ የጋሪ ፈረሶች ከሥራ ተፈተው እዛው ይግጣሉ፣ ሣር ሲነጩ ካልሆነ ምንም ድምፅ የለም። ባለጋሪው ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ አንዱ ብልጭ ብሎ ሲያልፍ "አየሽው ተወርዋሪውን?" አሉኝ። ትንሽ ቆይቼ አንዱን ቦራ ፈረስ ልነካው ስጠጋ ደሞ "ተይ ልጄ፣ እሱ ተወርዋሪ ነው" አሉ። ሁለቱ "ተወርዋሪ" አንድ ናቸው? ኮከቡ የሚወረወር ከሆነ የሚወረውረው ማነው፣ ፈረሱንስ?

የዜማ_ቤት_ልጅ፦
ቀላል ነው እህቴ። ግሱ ወረወረ፣ የግዕዙ ወረወ። "ተ" ሲገባበት ተደራጊ ይሆናል፣ ተወርዋሪ ማለት ሌላ የሚወረውረው ማለት ነው። ለኮከቡ ወርዋሪው ያልተጠራው ስለሚታወቅ ነው። የፈረሱ የሰፈር አነጋገር ነው፣ ከዚህ ጋር አይቆጠርም።

አራት_ሦስት_ሦስት፦
እንዴ አይቆጠርም? "በረኛው ተወርውሮ አወጣት" ሲባል በረኛውን ማን ወረወረው? ተወርዋሪ ኃይል የሚባለው ጦርስ? ራሱ ነው የሚወረወረው። የባለጋሪው አማርኛ ትክክል ነው።

የዜማ_ቤት_ልጅ፦
የኳስ ኮሜንታተር ለሰዋስው ምስክር ሆኖ አያውቅም። አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ እያለ አምስቱን አዕማድ የቆጠረ ሰው "ተ"ን ሲያይ መጀመሪያ አድራጊውን ይፈልጋል። እኔ ይሄን ዱላ እየቀመስኩ ነው የተማርኩት።

ቅኔ_ወዳጅ፦
እኔም ቀምሻለሁ ወንድም። ከቤተክርስቲያን ምስክር ካስፈለገህ እንካ፦ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን"። እዚህ ላይ ያለው "ተ" ተደራጊ ነው ልትለን ነው? በገዛ ሥልጣኑ ተነሣ ነው የምንለው፣ ተከትሎ "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን" የሚባለውም ለዚሁ ነው። ተቀመጠ፣ ተመለሰ፣ ተራመደ፣ ማንም አስገድዶት አይደለም። "ተ" ድርጊቱ ወደ ራሱ ወደ ባለቤቱ ሲመለስም ይገባል። ተወርዋሪ ኮከብም እንደዛ ነው፣ ራሱን አስፈንጥሮ የሚሄድ።

የዜማ_ቤት_ልጅ፦
ተንሥአን ከዚህ ጋር አትቀላቅል፣ እሱ የራሱ ትምህርት አለው። ደግሞ መጽሐፍ ላይ ኮከብ ይወድቃል እንጂ አይወረወርም። ማቴዎስ 24 ይወድቃሉ ነው፣ ኢሳይያስ 14 አጥቢያ ኮከብ ሆይ እንዴት ወደቅህ ነው፣ ራእይ 6 በለስ ቃርያዋን እንደምትጥል ከዋክብት ወደቁ ነው።

ሽሮ_በቃርያ፦
ቆይ ቆይ በለስ ቃርያ አላት??

ቅኔ_ወዳጅ፦
ያልበሰለው እንጭጭ ፍሬ ነው። የወጡ ቃርያም ሳይቀላ የተቀጠፈ በርበሬ አይደል፣ እኔ እንደሚመስለኝ ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። እና መውደቅ ካነሳህ ሄኖክ 86ን ክፈት፣ ኮከቡ ከሰማይ ይወድቅና ተነሥቶ ከከብቶቹ ጋር ይግጣል። የእህታችንን ሜዳ ሳነብ ቀጥታ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ፈረስም እዛው ምዕራፍ ውስጥ አለ፣ ለምን እንደተነሳ ያነበበ ያውቃል፣ እዚህ አልጽፈውም። በሌላ ቋንቋ ሙሉውን መጽሐፍ ጠብቆ ያቆየ የለም፣ በግዕዝ ብቻ ነው ያለው፣ እና የኮከብ ቃል ስንፈልግ ከዚህ መጀመር ነበረብን።

ገውዝ_ነኝ፦
ሳይንሱንም ላስገባ። ያየሻቸው ጀሚኒድስ ይባላሉ፣ ሐመል ሰውር ገውዝ እያላችሁ ለምትቆጥሩ፣ የሚፈልቁ የሚመስሉት ከገውዝ በኩል ነው። ጫፋቸው በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ነው፣ ገውዝ ከፍ እስኪል ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይሻላል። የነሐሴዎቹ ፐርሴይድስም አሉ ግን እኛ ጋ ክረምት ነው፣ ደመናው አያሳይም። እና ኮከብ አይደሉም፣ አብዛኞቹ አሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ናቸው፣ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ከአየር ጋር ሲጋጩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያበራሉ። ማን ወረወረው ካላችሁ ከአንድ አስትሮይድ የተራገፉ ናቸው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የተገኘ፣ ስሙ ፌይቶን። ይሄን ልብ በሉልኝ፦ ፌይቶን በግሪኮች ተረት የፀሐይ ልጅ ነው፣ የአባቱን ሠረገላ ልንዳ ብሎ ለምኖ ፈረሶቹ ልጓሙን በጥሰው እንዳመለጡ ሁሉ አልታዘዝ ብለውት ሰማይ ምድሩን ያቃጠለው። ባለጋሪው ሁለቱንም ተወርዋሪ ቢሉ ምን ይገርማል!

አራት_ሦስት_ሦስት፦
በለው! ፈረሱም ራሱን ወረወረ፣ ነጥብ ለኛ።

የዜማ_ቤት_ልጅ፦
ተራገፉ ካለ እኮ አራጋፊ አለ ማለት ነው፣ እኔን ነው የደገፈኝ። በነገራችን ላይ ፈረስ የሚለው ራሱ ከፋርስ አገር ነው የመጣው፣ በዐረብኛም ፋሪስ ማለት ፈረሰኛ ነው።

አዳሜ_ነኝ፦
እዚህ አዳማ ኮከቡ ኡርጂ ነው፣ ፈረሱ ፈርዳ ነው። ከፋርስ መጣ ካልክ "ስ"ዋ የት ሄዳ "ደ" ገባች?

ቅኔ_ወዳጅ፦
በዕብራይስጥ ፈረሰኛ ፓራሽ ነው፣ ከፋርስ ጋር የሚመሳሰለው በድምፅ ብቻ ነው። ፈረስ የሴማውያን የጋራ ቃል ነው፣ አገር መፈለግ አያስፈልግም።

የዜማ_ቤት_ልጅ፦
ያስፈልጋል። ሥራ ላይ ነኝ አሁን፣ ማታ መዝገበ ቃላቱን ይዤ እመጣለሁ፣ "ፈረሰ" ከሚለው ግስ ጋር ያለውንም ዝምድና ያኔ አሳያችኋለሁ።

ቅኔ_ወዳጅ፦
ቤት ፈረሰ?? እሱን እንዳታመጣ በእመቤቴ።