የአያቴ አርጋኖን ላይ የረቡዑ መጨረሻ የለም፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች እንዴት ናችሁ። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትደግመው የኖረችው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት የእመቤታችን የምስጋና ጸሎት መጽሐፍ አርጋኖን አሁን እኔ ጋ ነው፣ እሷ ካረፈች በኋላ እንዳይቋረጥ ብዬ ጀመርኩት፣ እንደምታውቁት ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ነው፣ ሰኞንና ማክሰኞን ደህና ሄድኩ ረቡዕ ላይ ግን መጨረሻው ሁለት ቅጠል ተገንጥሏል፣ ከዛ በፊት ያለው ገጽም ጧፍ ፈሶበት ፊደሉ ተጣብቋል፣ በጥፍሬ ላነሳው ስል ቀለሙ አብሮ ሊላጥ ሆነ ተውኩት።

ግዕዜ ደካማ ስለሆነ ከሌላ ቅጂ ገምቼ መሙላት አልችልም። አባታችን አባ ጊዮርጊስ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እያሉ ትምህርት አልገባቸው ብሎ እህል እየፈጩ እመቤታችንን ሲለምኑ እንደነበር ገድላቸው ላይ ሳነብ አለቀስኩ፣ በኋላ እኮ ሰዓታቱንም መጽሐፈ ምሥጢሩንም የጻፉት እሳቸው ናቸው! ለዛ ነው ተስፋ ያልቆረጥኩት።

እና ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን ያለበት ያላችሁ የረቡዑን መጨረሻ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ፣ ፒዲኤፍም ይሆናል። ደሞ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከውዳሴ ማርያም በፊት ነው የሚደገመው ወይስ በኋላ? አያቴን ሳልጠይቃት ቀረሁ።