የራስ ዶሜይን ኢሜይል ጂሜይል ላይ ስፓም ይገባል፣ ከዌብሳይቱ ፎርም የሚላከው ደግሞ ጭራሽ አይደርስም

ዮኒ_ዌብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ድርጅት ዌብሳይት ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ) ባለው ሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ደንበኞች የሚጋሩት ሰርቨር) ላይ ነው፤ ኔምሰርቨሩ (የዶሜይኑ ዲኤንኤስ ሬከርዶች የሚነበቡበት ቦታ) ክላውድፍሌር ነው። ኢሜይሉን ከሆስቲንጉ ወደ ጉግል ወርክስፔስ አዛውሬዋለሁ፤ ከውጭ የሚላክልን ይገባል። ግን ወደ ጂሜይል የምንልከው ስፓም ውስጥ ይወድቃል። «ያግኙን» ከሚለው ፎርም የሚላከውም የኢንፎ አድራሻችን ጋ አይደርስም። ኤስፒኤፍ (በዶሜይናችን ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝር ሬከርድ) ሁለት አለን፣ የሆስቲንጉና የጉግል። ዲኪሙን (የመልእክቱ ዲጂታል ፊርማ የሚረጋገጥበትን ቁልፍ) ሲፓነል ዞን ኤዲተር ውስጥ አስገብቻለሁ፣ ጉግል ግን አላገኘሁትም ይላል። ዲማርክ (ሁለቱንም ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለው መመሪያ) የለም። ከየት ልጀምር?

ፖርት_25፦
ሰላም ዮኒ። ኔምሰርቨርህ ክላውድፍሌር ከሆነ ሲፓነል ዞን ኤዲተር ውስጥ የጻፍከውን ማንም አያየውም። ዲኪሙን ክላውድፍሌር ላይ ቲኤክስቲ (የጽሑፍ ሬከርድ) አድርገህ አስገባ፤ ስሙ ላይ «ጉግል._ዶሜይንኪ» ብቻ ጻፍ (በላቲን ፊደል ማለቴ ነው)። ሙሉ ዶሜይኑን ከጨመርክበት አንዳንድ ፓነል መጨረሻው ላይ ይደግመውና ሬከርዱ የትም የማይገኝ ይሆናል። ባለ 2048 ቢቱ ቁልፍ ከ255 ካራክተር ይበልጣል። ክላውድፍሌር ራሱ ይከፋፍለዋል፤ የማይከፋፍል ፓነል ላይ ሁለት ቦታ ከፍለህ እያንዳንዱን በጥቅስ ምልክት ታስገባለህ። ከዚያ ወደ ጉግል አድሚን ኮንሶል ተመልሰህ «ስታርት ኦቴንቲኬሽን»ን ተጫን። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው፤ ሬከርዱ ስላለ ብቻ ጉግል በዶሜይንህ ስም መፈረም አይጀምርም።

ኤስፒኤፍ ሁለት ሆነ ማለት የለም ማለት ነው። ተቀባዩ አንዱን አይመርጥልህም፣ ፐርምኤረር (ቋሚ ስህተት) ብሎ ሁለቱንም ይጥላል። ወደ አንድ አምጣቸው፦

ቪ=ኤስፒኤፍ1 አይፒ4:የሆስቲንጉ_አይፒ ኢንክሉድ:_ኤስፒኤፍ.ጉግል.ኮም ~ኦል

ወደፊት የኒውስሌተር አገልግሎት ምናምን ስትጨምር ገደቡ 10 የዲኤንኤስ ጥያቄ መሆኑን አስታውስ። ኢንክሉድ፣ ኤ እና ኤምኤክስ ይቆጠራሉ፤ ኢንክሉዱ በውስጡ የያዘውም ይቆጠራል። አይፒ4 አይቆጠርም።

ሩት_አክሰስ፦
ፎርሙ የዲኤንኤስ ችግር አይደለም። የሆስቲንጉ ሰርቨር አሁንም የዶሜይኑ ኢሜይል እኔ ጋ ነው ብሎ ያምናል፤ ስለዚህ ኤምኤክሱን (የዶሜይኑን ኢሜይል የሚቀበለው ሰርቨር የቱ እንደሆነ የሚናገረውን ሬከርድ) ሳይጠይቅ መልእክቱን እዚያው የድሮ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ሲፓነል ውስጥ «ኢሜይል ራውቲንግ» ገብተህ «ሪሞት ሜይል ኤክስቼንጀር» አድርገው። የጠፉትን በሆስቲንጉ ዌብሜይል ፈልጋቸው፣ የድሮው አካውንት ካልተሰረዘ እዚያ ተቀምጠዋል።

ፎርሙ «ፍሮም» ላይ የጎብኚውን አድራሻ እንዳያስገባ። የሰው ጂሜይል አድራሻ ከአንተ ሰርቨር ሲነሳ ማጭበርበር ነው የሚመስለው። «ፍሮም» የራስህ ዶሜይን፣ «ሪፕላይ ቱ» የጎብኚው ይሁን።

ፖርት_25 ካለው በአንዱ አልስማማም። የሼርድ ሆስቲንግ አይፒ ኤስፒኤፍ ውስጥ ከገባ፣ ያንን አይፒ የሚጋራ ደንበኛ ሁሉ በስምህ ልኮ ኤስፒኤፍን ሊያልፍ ይችላል። ፎርሙን በኤስኤምቲፒ (በጉግል የኢሜይል አካውንት ገብቶ በመላክ) አስልከው፦ ኤስኤምቲፒ.ጂሜይል.ኮም፣ ፖርት 587፣ የይለፍ ቃሉ አፕ ፓስወርድ፣ ማለትም ለዚህ ፕሮግራም ብቻ የሚፈጠር (መጀመሪያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ይከፈት)። ያኔ አይፒ4ቱን ታወጣዋለህ፣ የፎርሙም መልእክት በዲኪም ተፈርሞ ይወጣል።

ፖርት_25፦
ልክ ነህ፣ ኤስኤምቲፒው ይሻላል። አይፒው ዌብሳይቱ በቀጥታ እስከሚልክ ድረስ ብቻ ነው።

ዮኒ_ዌብ፦
ዲኪሙ ሠራ፣ የጠፉትም ዌብሜይል ውስጥ ተገኙ። ተባረኩ! የሆስቲንጉን የድሮ ኤምኤክስ በፕራዮሪቲ 20 እንደ መጠባበቂያ ልተወው? ዲማርኩስ?

ሩት_አክሰስ፦
አጥፋው። ጉግል ለአፍታ ካልመለሰ ላኪው ወደ 20ው ይሄዳል፣ መልእክቱም ማንም በማይከፍተው ሳጥን ይቀራል። ስፓም ላኪዎችም ሆን ብለው የመጠባበቂያውን በር ነው የሚያንኳኩት። ኤስኤምቲፒ.ጉግል.ኮም በፕራዮሪቲ 1 ብቻውን ይበቃል፤ የጉግልን የድሮዎቹን አምስት ኤምኤክሶች አስገብተህ ከሆነም ይሠራሉ፣ አትነካካቸው።

ዲማርክ ስሙ «_ዲማርክ» ነው፤ እሴቱ ቪ=ዲማርክ1; ፒ=ነን; አርዩኤ=ሜይልቱ: ብለህ ሪፖርት የሚቀበል አድራሻ። ጂሜይል ከየካቲት 2024 (በፈረንጅ) ጀምሮ በቀን ከ5000 በላይ ለሚልኩ ግዴታ አድርጎታል፤ ለትንሽ ላኪም ይጠቅማል። ሪፖርቱ ላይ የራስህ ላኪዎች በሙሉ ሲያልፉ ፒን ከነን (ዝም ብሎ ከሚከታተለው) ወደ ኳራንቲን (ያላለፈውን ስፓም ውስጥ ወደሚከተው) ቀይረው። በመጀመሪያው ቀን ሪጀክት (ያላለፈውን ጭራሽ የሚመልስ) የሚያደርግ ሰው የራሱን ኢንቮይስ ነው የሚያስመልሰው።

መፈተሻው፦ ወደ ጂሜይል ላክና «ሾው ኦሪጅናል»ን ክፈት፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም ፓስ ማለት አለባቸው። ዲኪም ፓስ ሆኖ አጠገቡ ያለው ዶሜይን ያንተ ካልሆነ «ስታርት ኦቴንቲኬሽን»ን አልተጫንክም።