«እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ስሙን በከንቱ መጥራት ነው? (ክርክር)

የነታንያዋ እናት፦
የአይሁድን ሕግ የምታውቁ ፍረዱኝ። ቤተሰባችን ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣ ቤተ እስራኤል ነው። ማክሰኞ ከሰዓት እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። እናቴ የአቦሉን የመጀመሪያ ሲኒ ቀዳችና እንደ ልማዷ «ለዚህ ያደረሰን እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። የ9 ዓመቱ ልጄ ቀበል አድርጎ «ሳቭታ (አያቴ)፣ እንደዚህ አይባልም። ‹ሃሼም› ነው የሚባለው» አላት። የሚማረው ሃይማኖታዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። መምህሩ የፈጣሪን ስም በወሬ መሃል መጥራት በየትኛውም ቋንቋ ክልክል ነው ብሏቸዋል።

እናቴ አልመለሰችለትም። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችና ዝም አለች። ሁለተኛውን ሲኒ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ካለ ምስጋናዋን በሆዷ ታደርገዋለች። ልጄ በክፋት አላደረገውም። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ዕድሜዋን ሙሉ ያመሰገነችበትን ቃል ትተወው?

የየሺቫ (የኦሪትና የታልሙድ ትምህርት ቤት) ተማሪ፣ ኢየሩሳሌም፦
እህቴ፣ ልጁን አትቆጪው። የያዘው ትልቅ ነገር ነው። «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለው ትእዛዝ (ዘጸአት 20፡7) ለብዙ ሰው ስለ ሐሰት መሐላ ብቻ ይመስለዋል። የ12ኛው መቶ ዘመን የሕግ ሊቅ ራምባም ግን በመሐላ ሕጎች ምዕራፍ 12 ላይ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። መሐላ ባይኖርም ስሙን በከንቱ ማውጣት ክልክል ነው ይላል። ማስረጃው ዘዳግም 28፡58 ነው፤ የከበረውንና የሚያስፈራውን ስም እንድንፈራ ታዘናል። የጥንት ረቢዎች የሕግ ክርክር የተሰበሰበበት ታልሙድም ያለ ቦታዋ የተባለች በረከት እንኳን ይህን ትእዛዝ ታስጥሳለች ይላል።

በጸሎት «አዶናይ»፣ በወሬ መሃል «ሃሼም»፣ ማለትም «ስሙ» የምንለው ለዚህ ነው። አፍ የለመደውን ልብ ይዘነጋዋል። ልጅ በ9 ዓመቱ ይህን ጥንቃቄ መያዙ መልካም ነው። አያቱን ሰው ፊት ማረሙ ግን ልክ አልነበረም።

ነርስ፣ ሐደራ፦
ወንድሜ፣ ራምባምን ካነሳህ አይቀር እስከ መጨረሻው አንብበው። እዚያው ቦታ ላይ፣ ምላሱ ስቶት ስሙን በከንቱ የጠራ ሰው ምን ያድርግ ይላል? ስሙ በከንቱ እንዳይቀር ቶሎ ብሎ ያመስግን፣ ያክብር ነው የሚለው። ታዲያ እናቷ ምን አደረገች? ስሙን ጠርታ ሳትተነፍስ «ይመስገን» አለች። ሌላው ሰው ለጥፋቱ ማረሚያ የሚያደርገውን እሷ ከመነሻው አብራ ነው የምትለው። ይህ ከንቱ ከተባለ ከንቱ ያልሆነው የትኛው ነው?

ሌላም የሚያመኝ ነገር አለ። እኔ በምሠራበት ክፍል ኪፓ (የሃይማኖተኛ ቆብ) ያደረገውም ያላደረገውም «ዋላ» ሲል ነው የሚውለው። «ዋላ፣ አላየሁም»፣ «ዋላ፣ ጥሩ ነው»። ይህ ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በአላህ መማል ነው። ሲታረም የሰማሁት ሰው የለም። ሕጉ ትዝ የሚለን የእኛ እናቶች ሲያመሰግኑ ነው።

የየሺቫ ተማሪ፦
«ዋላ»ውም ልክ አይደለም። የአንዱ ጥፋት ለሌላው ፈቃድ አይሆንም። የራምባሙ ነጥብሽ ግን ጠንካራ ነው፤ እቀበለዋለሁ።

መምህር፣ ቤርሼባ፦
ዋናው ጥያቄ የቋንቋ ነው። በዕብራይስጥ ያልሆነ ስም ስም ነው ወይ? በዚህ ላይ ረቢዎች በደንብ ተከራክረዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ረቢ ሻብታይ ሃኮሄን፣ «ሻኽ» የሚባሉት፣ ሹልሐን ዓሩኽ በሚባለው የሕግ መጽሐፍ፣ ዮሬ ዴዓ ክፍል 179 ላይ በማያሻማ መንገድ ጽፈዋል። በጀርመንኛ «ጎት»፣ በፖላንድና በሩሲያ ቋንቋ «ቦግ» ቢባል እንደ ቅዱሱ ስም አይቆጠርም፤ ተጽፎ ቢገኝ መሰረዝም ይቻላል። በዚህ ከሄድን «እግዚአብሔር»ም ያው ነው። የልጁ መምህር «በየትኛውም ቋንቋ» ያለው ከሕጉ በላይ ሄዶ ነው።

ነገር ግን እዚህ አያበቃም። ሐፌጽ ሐይም የሚባሉት ረቢ ሚሽና ብሩራ በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው መታጠቢያ ቤትና ንጹሕ ባልሆነ ቦታ በሌላ ቋንቋም ቢሆን ስሙን መጥራት አይገባም ይላሉ። እዚያ ቦታ ላይ «ሻሎም» ብሎ ሰላምታ መስጠት እንኳን ክልክል ነው። ጌዴዎን መሠዊያውን «እግዚአብሔር ሰላም» ብሎ ስለ ጠራው (መሳፍንት 6፡24) ታልሙድ ሻሎምን ከስሞቹ ይቆጥረዋል። በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ረቢ ዮናታን አይበሹትስ አይሁድ ደብዳቤያቸው ላይ «አዲዩ» ብለው መጻፋቸውን ተቃውመዋል። አዲዩ የፈረንሳይኛ ስንብት ነው፤ ውስጡ ግን የአምላክ ስም አለበት፣ ደብዳቤውም ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ «እግዚአብሔር» የሚል የአማርኛ የሠርግ ጥሪ መጣል አቅቶኛል። መሳቢያዬ ሞልቷል።

አዛውንት፣ ኪርያት ጋት፦
ልጆቼ፣ እኔ በ1984 በሱዳን በኩል የመጣሁ ነኝ። ሁላችሁም ስትናገሩ በትዕግሥት አነበብኩ። አንድ ነገር ግን አስከፋኝ። «እግዚአብሔር»ን ከጎትና ከቦግ ጋር አንድ ላይ አስቀመጣችሁት። ለአውሮፓ አይሁዳዊ ጎት የመንደር ቃል ነው፤ ሲጸልይ በዕብራይስጥ ነው። ለእኛ ግን «እግዚአብሔር» የመንደርም የመቅደስም ቃል ነው። ቄሶቻችን ጸሎት ሲጀምሩ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ነው የሚሉት። ኦሪታችን ግእዝ ነው። በበዓላችን በሥግድ ቀን፣ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ ጃንጥላ ተዘርግቶ ሕዝቡ የሚሰግደው ይህን ስም እየሰማ ነው። አባቶቻችን ታልሙድ ሳይደርሳቸው በዚህ ስም ነው አይሁድ ሆነው የቆዩት።

የቃሉን ትርጉምም አስቡት። «እግዚእ» ጌታ ነው፤ «ብሔር» ምድር፣ አገር ነው። የዓለም ጌታ ማለት ነው። ስሙ በዕብራይስጥ የሚጻፍባቸውን አራቱን ፊደላት እንዳሉ አልጠራናቸውም። ቃላችን ራሱ መጋረጃ ነው። «ሃሼም» ለማለት የፈለጋችሁትን ጥንቃቄ እኛ ከድሮም ይዘነዋል።

የየሺቫ ተማሪ፦
አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ክርክር ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «አዶናይ»ም እኮ «ጌታዬ» ማለት ብቻ ነበር። እሱም መጋረጃ ነበር። በኋላ ግን ራሱ ተቀድሶ ተጽፈው ከማይሰረዙት 7 የፈጣሪ ስሞች ውስጥ ገባ። ለአዶናይም ሌላ መጋረጃ አስፈለገ፤ «ሃሼም» መጣ። «እግዚአብሔር» በቤተ እስራኤል ጸሎት እርስዎ እንዳሉት ከከበረ፣ ጥንቃቄውም አብሮ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አዛውንት፣ ኪርያት ጋት፦
ልጄ፣ መልካም ተናገርክ። እንግዲያው አንዱን ምረጡ። ቅዱስ ስም ከሆነ ጸሎታችንን እንደ ባዕድ ቋንቋ አትቁጠሩብን። ተራ የውጭ ቃል ከሆነ ደግሞ እናቶችን አታርሙ። ሲመቻችሁ ተራ፣ ሲመቻችሁ ቅዱስ አይሆንም።

ስሙን ገበያ ማውረዱን እኔም እጠላለሁ። «በእግዚአብሔር ይህን ዋጋ ነው የገዛሁት» የሚል ነጋዴ፣ ኳስ ሲስት «የእግዚአብሔር ያለህ!» ብሎ የሚጮህ ጎረምሳ፣ እነሱን ምከሩ። ቡና ቀድታ ያመሰገነችን ሴት አትንኩ።

አንባቢ፣ ጎንደር፦
እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሕጋችሁ ውስጥ አልገባም። ስለ ቋንቋው ብቻ ልበል። አማርኛችን ሳናስተውለው ስሙን ይሸሽጋል። «ጤና ይስጥልኝ» ስንል ሰጪው ማን እንደሆነ አንናገርም። «ተመስገን»፣ «ይማርሽ»፣ «ያጽናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር»። ባለቤቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ስሙ ግን የለም። «እግዜር» ብሎ ማሳጠሩም አለ። እሱን ግን ለአክብሮት ይሁን ለጥድፊያ መለየት ይከብደኛል።

ነርስ፣ ሐደራ፦
ይህን አስቤው አላውቅም። «ተመስገን»ን በቀን ሃያ ጊዜ ነው የምለው።

መምህር፣ ቤርሼባ፦
የዘነጋነው አንድ ምንጭ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የታልሙድ መሠረት የሆነው ሚሽና በራኾት (በረከቶች) በተባለው ክፍሉ ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ሰው ባልንጀራውን በስሙ ሰላም እንዲል ተደነገገ ይላል። በስሙ የተባለው በፈጣሪ ስም ነው። ማስረጃው ቦዔዝ ነው። ከቤተ ልሔም መጥቶ አጫጆቹን ሰላም ያለበት ቃል ሩት 2፡4 ላይ አለ። የእርሻ ቦታ ነው፤ ምኩራብ አይደለም። አጫጆች ናቸው፤ ካህናት አይደሉም። በ1935 በጥንቷ የይሁዳ ከተማ ላኪሽ የተገኙት የሸክላ ስባሪ ደብዳቤዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ከባቢሎን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ የተጻፉ የወታደር ደብዳቤዎች ናቸው። አራቱ ፊደላት በሰላምታው ውስጥ አሉ፤ ለጌታዬ የሰላም ወሬ ያሰማው ይላሉ። ስሙ ከአፍ የወጣው ቀስ በቀስ ነው፤ ከክብር ብዛት። እኔ ያንን ክብር እወደዋለሁ። ቦዔዝ ግን ስሙን አላቃለለም።

የየሺቫ ተማሪ፦
ሚሽናው እውነት ነው። ዛሬ በዕብራይስጡ ስም ሰላም የሚባባል የለም፤ ልማዱ ተለውጧል፣ ልማድም ክብደት አለው። በአማርኛ ግን ልማዱ የተለወጠበት ቀን የለም። እናትሽ እንደ ቀድሞዋ ትበል። ልጁም በዕብራይስጥ ሲናገር የተማረውን ይያዝ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ረቢሽን ጠይቂ።

የነታንያዋ እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እናቴ እኛ ቤት ነበረች። ልጄን ሩት ምዕራፍ 2ን በዕብራይስጥ አስነበብኩት። ቁጥር 4 ላይ ሲደርስ ስሙን በ«ሃሼም» ተክቶ «ሃሼም ዒማኸም» ብሎ አነበበና ቆመ። እናቴ ዕብራይስጡ ብዙም አይገባትም፤ «ምን አለ?» አለችኝ። «ቦዔዝ እኮ ነው፤ አጫጆቹን ‹እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን› አላቸው» አልኳት።

እሷ ሰላምታው ለእሷ የተሰጠ ይመስል ልጁን አየችና «አንተንም እግዚአብሔር ይባርክህ» አለችው።

ልጄ ጣቱን ከመጽሐፉ አላነሳም። የቁጥሩን ቀሪ በለሆሳስ አነበበ። «ኢማ (እማ)፣» አለኝ፣ «አጫጆቹም እንደዚሁ ነው የመለሱለት»።

መምህሩን ሐሙስ አገኘዋለሁ። የሻኹንም የሚሽናውንም ቦታ ወረቀት ላይ ጽፌ እይዛለሁ።