የልጄ አርትራይተስና የሰማሁት የሆስፒታሎች ትስስር፦ ከኮምቦልቻ ሆኖ መቀላቀል ይቻላል?

ጥያቄ፦ የኮምቦልቻ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ በግራ እጇ መብላት ጀመረች። አያቷ «በቀኝሽ ብዪ» እያሉ ሲገሥጿት ከረሙ፤ እኔም አብሬ ተቆጣኋት። አንድ ቀን ጠዋት እንጀራ ቆርሼ በቀኝ መዳፏ ላይ ሳኖርላት ጣቶቿ አልታጠፍ አሉና ቁራሹ ወደቀ። የእጇን አንጓ ስይዘው አብጧል፤ ይሞቃል። ያ ተግሣጽ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ቀጥሎ የልብ ሩማቲክ ተጠርጥሮ በየወሩ መርፌ መወጋት ጀመረች። በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎልን አዲስ አበባ ስንሄድ የሕፃናት አርትራይተስ፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ በሽታ፣ መሆኑ ተነገረን። አሁን ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው።

አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ፒአር-ኮይን ስለሚባል ትስስር ነገረችኝ። የሕፃናት አርትራይተስ የሚያክሙ ሆስፒታሎች ከወላጆች ጋር ሆነው ውጤታቸውን እያመሳከሩ ሕክምናውን ያሻሽላሉ አለችኝ። እኛስ ልንገባበት እንችላለን? የሚሞላ ቅጽ አለው? ካልተቻለ እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ከየት ይነሣል? ሐኪም በተቀየረ ቁጥር ታሪኳን ከሀ እጀምራለሁ። ከመንገዱ ይልቅ ያደከመኝ እሱ ነው።

መልስ፦ የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ

እህቴ፣ ፒአር-ኮይንን ቤተሰብ በግሉ ተመዝግቦ አይገባበትም። አባል የሚሆነው የሕክምና ማዕከሉ ነው፤ ወላጆችም የሚሳተፉት ልጃቸው በሚታከምበት ማዕከል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ ሲሆን የሚሠራው በአሜሪካና በካናዳ ነው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ሆነው የሚሞሉት ቅጽ የለም። የአሠራሩ ዋና ነገር ግን ያለ አባልነትም ይወሰዳል፤ ጊዜ ወስጄ ልንገርዎት።

በየቀጠሮው የሚለካው ነገር አንድ ዓይነት ነው። በሽታው ያለባቸው መገጣጠሚያዎች ይቆጠራሉ። ሐኪሙ የበሽታውን ብርታት ከ0 እስከ 10 ይመዝናል። ወላጅ ወይም ልጁ ራሱ ደግሞ «በጠቅላላው እንዴት ነኝ» የሚለውን ከ0 እስከ 10 ይመዝናል። ይህ ኢኤስአር ከሚባለው የደም ምርመራ ጋር ሲደመር ጃዳስ ይባላል። የደም ምርመራውን የማይጠይቅ አጭር ዓይነትም አለው፤ መገጣጠሚያው እስከ 10 ብቻ ሲቆጠር ድምሩ ከ30 ይታሰባል። ለእኛ የሚመቸው ይኸኛው ነው፤ ወረቀት፣ እስክሪብቶና መገጣጠሚያ በትዕግሥት የሚዳስስ እጅ ይበቃዋል።

ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ ግቡ በሽታው ጨርሶ ጸጥ እንዲል ነው ይላል፤ በ3 ወር ቢያንስ በግማሽ መቀነስ፣ በ6 ወር ደግሞ ግቡ ላይ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ሕክምናው እንደገና ይታያል። ቁጥር ሳይጻፍ ሲቀር «ትንሽ ተሽሏታል» እየተባለ ዓመት ያልፋል፤ እስከዚያው መገጣጠሚያው ውስጥ ውስጡን ይበላል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

በሩ ለባለሙያዎችም ቅርብ ነው። የአፍሪካ ሩማቶሎጂ ማኅበር የሕፃናት ክፍል አለው፤ ፓፍላር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተውና ማዕከሉ በጣሊያን ጄኖዋ የሆነው ፕሪንቶ ደግሞ የሕፃናት ሩማቶሎጂ ማዕከሎችን ለምርምር ያገናኛል። ደሴ ሆስፒታል የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት ስለሆነ አንድ ገጽ የክትትል ቅጽ አዘጋጅቶ በጥቂት ልጆች ላይ ለአንድ ወር መሞከር፣ የጎደለውን አርሞ ማስፋት ይቻላል። የእነዚያ ትስስሮች አካሄድም ይኸው ነው፤ ትንሽ ሞክሮ፣ ለክቶ፣ አርሞ መቀጠል። እኔ ቅጹን ከባልደረቦቼ ጋር ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ልበል። የሩማቲክ ትኩሳት በአገራችን ብዙ ስለሆነ መጠርጠሩ አያስወቅስም። ልዩነቱ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ሕመም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ይህኛው ግን ባለበት 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቀመጣል፤ ጠዋት ጠዋት ያደርቃል። መርፌው ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን ግን የልብ ምርመራዋን ያየ ሐኪም ይወስን፤ በራስዎ እንዳያቋርጡ።

መልስ፦ የደሴው አባት

እህቴ፣ የእኔ ልጅ አሁን 11 ዓመቱ ነው፤ አምስት ዓመት ሆነን። «ታሪኩን ከሀ እጀምራለሁ» ያልሽው እኛንም ሲያንገላታን ነበር። ያዳነን ደብተር ነው። በየገጹ የሰው ሥዕል አለ፣ እንደ ሕፃን ሥዕል ቀላል ነው፤ ያበጠው ቦታ በቀይ ይከበባል። ከሥር ጠዋት ስንት ደቂቃ ደርቆ እንደቆየ፣ የወሰደው መድኃኒት፣ የቀረበት የትምህርት ቀን ይጻፋል።

ባለቤቴ በሰዓት አልለካችም። ቡና ስታፈላ ልጁ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ «አቦል ሳይደርስ ተፈታ»፣ «ቶና ተጠጥቶም እጁን መጨበጥ አልቻለም» ብላ ታስጽፈኛለች። ሐኪሙ ይህን ሲያነብ በደቂቃ እንድንመልሰው ጠየቀን። ለካነው፤ ቶና ማለት በእኛ ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር። መድኃኒቱ የተስተካከለለት በዚያው ቀጠሮ ነው።

የጦሳ ተራራ ብርድ ያመጣበት መስሎን ባቲ አያቱ ዘንድ ልከነው ነበር። እዚያ ሙቀት ውስጥም ጉልበቱ አበጠ። ብርድ ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል እንጂ በሽታውን አያመጣውም ብለው ያስረዱን ከዚያ በኋላ ነው።

የጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ሪፈሩን ደረጃውን ጠብቃችሁ አጽፉ፤ ያለ እሱ ከሄዳችሁ ወጪው ላይሸፈን ይችላል።

መልስ፦ አባት ከሐርቡ

ልጄ፣ አላህ ያሽርልሽ። እኛ ዘንድ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ። ስንቱን አንካሳ አስኪዷል። አንድ ጊዜ ብታሳዪው አይከፋም።

መልስ፦ የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ

አባቴ፣ ስለ ቅን ሐሳብዎ አላህ ይስጥልን። ይህች ልጅ ግን ወለምታ አይደለም ያላት። ከውስጥ የተቆጣ መገጣጠሚያ ሲታሽና ሲጎተት ይጎዳል። ዱዓዎ አይለያት፤ እሱ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። እጇን ግን አናስነካው፤ እባክዎ።

መልስ፦ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። እኔ ስለ ሜቶትሬክሴቱ ብቻ ልናገር፤ ይህን ሳልናገር ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስሕተት በየቀኑ የተሰጠ እንደሆነ ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል። አንድ ቀን ምረጪ፤ ዓርብ ይሁን እንበል። «ዓርብ» ብለሽ በትልቁ ጽፈሽ ዕቃው ላይ ለጥፊው፤ ለአያቷም ንገሪያቸው፤ ሰጪው አንድ ሰው ይሁን። ፎሊክ አሲድ የታዘዘላት ለማቅለሽለሹና ለአፏ ቁስል ነው፤ አትተዪው። ሦስት ሳምንት ገና ነው፤ ሥራው የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ አልሠራም ብለሽ እንዳታቆሚ። የጉበትና የደም ሕዋስ ምርመራዋ በቀጠሮው ይታይ።

ሌላው፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትወስጃት ሜቶትሬክሴት እንደምትወስድ አስቀድመሽ ተናገሪ። ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙ ሰው ባክትሪም የሚለው፣ ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የደም ሕዋሷን ክፉኛ ሊያወርደው ይችላል። ክትባትም ከመከተቧ በፊት ሐኪሟን ጠይቂ።

መልስ፦ የዓይን ክፍል ነርስ

ዓይኗን ማን አየው? ማንም ስላላነሣው ነው የጻፍኩት። የሕፃናት አርትራይተስ ዓይን ውስጥ ብግነት (መቆጣት) ያስከትላል፤ ብዙ ጊዜ ዓይኑ አይቀላም፣ አያምም፣ ልጁም ምንም አይልም። የሚታየው ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ ብቻ ነው። ከ7 ዓመት በታች ለጀመራቸውና በደም ምርመራ ኤኤንኤ የተባለው ለተገኘባቸው አብዛኞቹ ልጆች በየ3 ወሩ መታየት አለበት፤ ለሌሎቹ በየ6 ወይም በየ12 ወሩ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ስላለ አዲስ አበባ እስክትሄዱ አትጠብቁ። ሐኪሟ የኤኤንኤውን ውጤት ወረቀቷ ላይ ይጻፍልሽ።

የኮምቦልቻ እናት

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሁላችሁም። ስለ ዓይኗ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ሐሙስ ቦሩ ሜዳ ይዣት እሄዳለሁ። ሐርቡ ያሉት አባቴ፣ ዱዓዎን አልጠላም፤ ጨምሩልኝ። ዶክተር፣ ቅጹ ሲዘጋጅ የእኔ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ትሁን።

ደብተር ገዝቼ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ገጽ ጻፍን። ቀይ አልወድም ብላ ቀኝ አንጓዋንና ግራ ጉልበቷን በብርቱካናማ ራሷ አከበበች። የጠዋቱን ድርቀት በሰዓት ስለካው 50 ደቂቃ ቆየ። የደሴው አባት፣ የእናንተን ገጽ የልጁን ስም ሸፍነው ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ ያንኑ እገለብጣለሁ፤ ሌላም ወላጅ ካለ በአንድ ዓይነት ገጽ እንጻፍ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ የሚቆጠረው የሚያመው ነው ወይስ ያበጠው?

የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ

ያበጠ ሁሉ ይቆጠራል፤ ባያምም። ያላበጠ ከሆነ ደግሞ ሲነካ ወይም ሲንቀሳቀስ የሚያምና እንደ ልብ የማይታጠፍ ሲሆን ይቆጠራል። እርስዎ ያዩትን ይክበቡ፤ በቀጠሮው እኔ በእጄ ዳስሼ አጠገቡ እጽፋለሁ። ብርቱካናማውን ለእርሷ ይተዉላት፣ እኔ በሰማያዊ እጽፋለሁ።