«ዊስት» የካርታ ጨዋታ ነው ወይስ ዝምታ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቆየት ያሉ የእንግሊዝኛ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ዊስት» የምትል ቃል አስቸገረችኝ። አንዱ ጋ አራት ሰዎች ራት በልተው ዊስት ሊጫወቱ ይቀመጣሉ። ሌላው ጋ ነፋሱ ዊስት ሆነ ይላል። ጨዋታውን «ዝምታ» ልበለው? ዓርብ ማስረከብ አለብኝ፣ እባካችሁ።

ካርታ ወዳድ፦ እህቴ፣ ጨዋታውን እንዳትተረጉሚው፣ ስም ነው። እኛም ኮንከርን ኮንከር ነው የምንለው። ዊስት ሁለት ለሁለት ሆነው አራት ሰዎች የሚጫወቱት ነው። 52ቱ ካርታ ይታደላል፣ ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። የመጨረሻዋ ካርታ ተገልጣ ትታያለች፣ የእሷ ዓይነት ሌላውን ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ 13 ዙር ይጣላል፣ ብዙ ዙር የበላ ወገን ያሸንፋል። ዋናው ነገር ግን ለጓደኛሽ በእጅሽ ምን እንዳለ በቃልም በምልክትም መንገር ክልክል ነው፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ወሬ የለም። ብሪጅ የሚባለው የካርታ ጨዋታም የመጣው ከዚህ ነው።

የቃላት ሰው፦ ጨዋታውና ዝምታው ይገናኛሉም አይገናኙምም። ጨዋታው በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ «ዊስክ» ነበር የሚባለው። በኋላ ነው ወደ ዊስት የዞረው፣ ለዚህም «ዝም!» ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው ዊስት ሳይስበው አልቀረም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቻርልስ ኮተን እ.ኤ.አ. በ1674 ስሙ የመጣው በጨዋታው ላይ ከሚጠበቀው ዝምታ ነው ብሎ ጽፏል። የዝምታው ዊስት ግን ከጨዋታው ይቀድማል። ሼክስፒርም «ዘ ቴምፔስት» በተባለው ተውኔቱ ላይ ለማዕበል ጸጥ ማለት ተጠቅሞበታል። ዛሬም አየርላንድና ስኮትላንድ ውስጥ ልጅ ሲጮህ «ዊሽት!» ይሉታል። የእኛ «እሽሽ» ማለት ነው፣ ድምፁ ራሱ ዝም ያሰኛል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ነፋሱን «ዝም አለ» ልበል?

የጎንደሯ፦ ዝም የሚለውማ አፍ ያለው ነው። ለነፋስ «ረጭ አለ» በይ፣ የኔ እህት። ሰው ሲቆጣ የሚናገረው ከሆነ ደግሞ «ጭጭ በል!» ይሻላል። እናቴ ማታ ውሾቹ ሲተኙ «አገሩ ረጭ አለ» ትል ነበር፣ ከዚያ የተሻለ ቃል አላውቅም።

ጠያቂ፦ ወሰድኩት። «ነፋሱም ረጭ አለ» ብዬ አስገባሁ። ጨዋታውን ዊስት ብዬ ተውኩት፣ መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ «በዝምታ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ» የሚል ጨመርኩበት።