መገኘቴን ብዬ የፈረምኩት ለመዋጮ ዋለ፤ ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት፦
እንደምን ዋላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ልጆቼ 4ኛ እና 7ኛ ክፍል ናቸው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት። ባለፈው እሁድ ለወላጆች ስብሰባ ተጠራን። 2 ሰዓት ተኩል ተብሎ 4 ሰዓት ተጀመረ። የጠዋቱን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ገና ሳንቀመጥ መስመር የተሰመረበት ወረቀት ዞረ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ። ከላይ ርዕስ የለውም። እኔ 37ኛ ላይ ፈረምኩ።

ስለ ውጤት፣ ስለ ማርፈድ፣ ስለ ዩኒፎርም ሁለት ሰዓት ሙሉ ተወራ። ሰው ተነስቶ መውጣት ሲጀምር «ልዩ ልዩ» ብለው ለአጥር በአንድ ልጅ 500 ብር አሉ። «የሚቃወም አለ?» ዝም። ከፊት አንድ ሰው አጨበጨበ፣ በቃ አለቀ። ማክሰኞ ልጄ ብጣሽ ወረቀት ይዛ መጣች። «ወላጆች በሙሉ ድምፅ በወሰኑት መሠረት» ይልና ያልከፈለ ካርድ አይሰጠውም ይላል።

አጥሩ እንደሚያስፈልግ አልክድም። የሰው በግ ክፍል ድረስ ይገባል። ግን እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው፣ 1000 ብር ከየት ላምጣ? መገኘቴን ብዬ የፈረምኩት እንደ ስምምነት ይቆጠራል?

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
እህቴ፣ እንዴት ተደርጎ ይቆጠራል! እኔ ሌላ ወረዳ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ሰብሳቢ ነበርኩ። ነገሩ ሁሉ ያለው ቃለ ጉባኤው ላይ ነው። በኛ ጊዜ ጸሐፊው ርዕሰ መምህሩ ነበር። እሱ የጻፈው ይጸናል፣ ያቺ የፊርማ ወረቀት ከኋላው ትያያዛለች፣ ከዚያ ሁላችሁም ተስማማችሁ ይባላል። እኔም ሳላነብ የፈረምኩበት ጊዜ አለ፣ አልዋሽሽም።

የቀድሞው የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ራሱ እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ ነበር ያለው። መዋጮ በፈቃድ ነው፤ ካርድ መያዣ አይሆንም። መጀመሪያ ወተመህ ዘንድ ሂጂና ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ በይ። እምቢ ካሉ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አለ፣ ከዚያ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ብቻሽን ግን አትሂጂ። አንድ ሰው ከሆንሽ «ረባሽ» ነው የምትባዪው።

መምህር ነኝ፦
ልክ ነው፣ ግን የኛንም ስሙ። የድጎማ በጀቱ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ ይመጣል፣ እሱም ዘግይቶ። ጠመኔ፣ ወረቀት፣ የተሰበረ ዴስክ ሲባል ያልቃል። ስብሰባ ስንጠራ ደግሞ የሚመጣው ሁሌ ያው ሰው ነው፣ አብዛኛው እናት። አባቶች የት ናችሁ? ካርድ መያዙ ግን ነውር ነው፤ ልጁ ምን አጠፋ?

ጎረቤት፦
እኔ «ልዩ ልዩ» ሲባል ከሰማሁ ኪሴን ጨበጥ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሐሙስ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሄድን። እውነትም ወረቀታችን ቃለ ጉባኤው ላይ በስቴፕለር ተመቷል። «አጥሩ በጠቅላላ ስንት ይፈጃል?» ብንል የዋጋ ግምት የሚባል ነገር የለም! 500 ብር ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጠፋ። ሰብሳቢው ራሱ ደነገጠ። ለእሁድ ድጋሚ ተጠርተናል፣ አጥሩ የመጀመሪያ አጀንዳ ነው። ካርዱም ለሁሉም ይሰጣል ተብሏል። እኔን ደግሞ ዋጋ አጣሪ ኮሚቴ ውስጥ ከተቱኝ፤ አፌ ነው ያመጣብኝ። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ በደህና ዋጋ የሚሸጥ የምታውቁ እስቲ ጠቁሙኝ።